ባዶዋ ዓምድ

የሂሳብ መምህር ነኝ፣ ልማዴ ነውና
ሠንጠረዥ አሰመርኩ፣ ዕቁብ ደረሰኝና፤
በአግድም የመኪና ስም፣ በቁም የሚመዘን፦
ዋጋው፣ የነዳጁ፣ የዋስትናው ዘመን፣
መለዋወጫው ብርቅ ነው ወይስ በየደጁ፣
ስንት ሰው አማረረ፣ ስንቱ ነው ወዳጁ።
"ስንት ዓመት ይኖራል?" የምትለው ዓምድ ግን
ባዶዋን ቀረችኝ፤ ማን ያነባል ነገን?

ጋሽ ዘርጋውን ይዤ ወረድኩ ለገሃር፣
አንበሳው ፊት ለፊት፣ ከመስታወቱ ዳር።
ጎላ ሚካኤል ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር
ሃምሳ ዓመት የኖረ ከብሎን ጋር ሲማከር።
እጁን የጨበጠ ቤንዚን ቤንዚን ይላል
ለሁለት ቀን ሙሉ፤ ሳሙና ይሸነፋል።

ሻጩ ያፌት ነበር፤ ክራቫቱን አቅንቶ
ስክሪኑን አበራ፤ ቀለም በቀለም ገብቶ
እንደ ሰርግ አዳራሽ ዳሽቦርዱ ደመቀ።
ጋሽ ዘርጋው ግን ወርዶ ከሥሯ ጠለቀ፣
ከነኮቱ ገባ በነጩ ወለል ላይ፤
ያፌት የጥበቃውን ዓይን ፈለገ፣ ወዲህ ወዲያ ሲያይ።
ወጣ። በሩን ከፈተ። ዘጋው። ደግሞ ከፈተ።
ማጠፊያው ላይ ጎንበስ ብሎ ቅባቱን አሸተተ።
የምንጣፉን ጥግ ገልጦ ብየዳውን ዳበሰ፤
"እዚህ ጋ ቸኩለዋል" አለና ተመለሰ።

በቸርችል ሽቅብ ወጣን፤ ሬዲዮኑን አስዘጋን፤
"እሷ ታውራ" ብሎ፣ ያፌትንም እኔንም ዝም አሰኘን።
ማዘጋጃ ቤት ስንደርስ ጠየቅኩት፦ "እንዴት ናት?"
"ቆንጆ ናት" አለኝ። "አዲስ ሁሉ ቆንጆ ናት።
ሙሽራን በሰርጓ ማታ ማን ጠባይዋን አወቀው?
ሰባተኛው ክረምት ይምጣ፣ ጎርፉ ይህን ዳገት ሲያጥበው፤
ያኔ በማለዳ ተነስተሽ ቁልፉን ስታዞሪው፣
ያቺ ድምፅ ናት መልስሽ። ዛሬ መልስ የሚሰጥሽ ሰው፣
እኔንም ጨምሮ፣
ሞራ ገላጭ ነው።"

አንዲት ሰማያዊ ላዳ በጎናችን አለፈች፣
ዳገቱን እያቃሰተች፤ ግን ዳገቱን ጨረሰች።
"እኮ!" አልኩ፣ "የድሮ ዕቃ! አርባ ዓመቷ ይሆናል!"
ጋሽ ዘርጋው ሳቀ። "ልጄ፣ አስተማሪ እንዲህ ይቆጥራል?
አብረዋት የወጡት የታሉ? የሞቱትን ማን ቆጠረ?
ሟች ዳገት አይወጣማ፤ የተረፈው ብቻ ተነገረ።
ደግሞስ እሷ ናት እንዴ? ሞተሯን እኔው ቀየርኩት፤
በሯ የሌላ ሬሳ ነው፣ ከሶማሌ ተራ ያመጣሁት።
ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ምናልባት የሻንሲ ቁጥሯን ነው፤
የቀረው የባለቤቷ ትዕግሥት፤ እሱን ማን ይሸጥልሻል እንደው?"

"እሺ፣ የቱ ስም ይሻላል?" ብዬ ደብተሬን ዘረጋሁ።
"እኔ የማውቀው የታመሙትን፤ ዕድሜዬን በሽታ አየሁ።
ይሄኛው ይጮሃል፣ ያኛው ዘይት ያልበዋል፣ የዚያኛው ማርሽ ያመልጣል፤
ስለ ጤነኛው ግን እኔን መጠየቅ ምን ይረባል?
ባለ ኮሮላው ጎረቤቴ በስምንት ዓመት አንዴ መጣ፣
ያውም ለመብራት አምፖል፤ ሻይ ጠጥቶ ወጣ።
ጠባይዋን አላውቀውም። እንደሷ ዓይነት ቢበዛ
ልጆቼን በምን ላሳድግ? ደብተር በምን ልገዛ?"

"ኤሌክትሪክስ?" አልኩት። እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረ፦
"እሷ ዝም ትላለች። ጆሮዬ ከእሷ ዘንድ
ደንቆሮ ሆኖ ቀረ።"

ቁልፉን ለያፌት መለስን፤ "እናስብበት" አልን።
ጎላ ድረስ በእግር ሸኘሁት፣ ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅብን።
ማታ ደብተሬን ገለጥኩ። ባዶዋ ዓምድ ትጠብቃለች።
በየስሙ ትይዩ አንድ ቁጥር ጻፍኩ፤ ዓምዷ ሞላች፦
የጋሽ ዘርጋው ስልክ። ከላይ እስከ ታች ያው እሱ።
ከዚያ እርሳሴ ቆመ፤ ትዝ አለኝ መመለሱ፦

ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ዳገቷን ስንወጣ ቀደመኝ፤
ሦስት ጊዜ ግን ጎንበስ ብሎ "የጫማዬን ክር ላስር" አለኝ።

ጫማው ክር የለውም።