የትንፋሽ ወረፋ

ከኦሩሮ ማዶ፣ ከቀይ ተራራ ሥር፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ስቆፍር፣
የቤቴ ክዳን ግን ያው የጥንቱ ሣር።
ያወጣሁት ሁሉ ተሻገረ ባሕር፤
ያላወጣሁት ነው እኔው ዘንድ የቀረ፣
እሱም በተራው ደረቴን የሠረሠረ።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮት ይዞ፣
አየና አየና ዝም አለ ተክዞ።
"ሊቦሪዮ" አለኝ፣ "ይህ ብናኝ አይወጣም፤
ክኒን እሰጥሃለሁ፣ ብዙ ግን አያመጣም።"

(ይቅርታ፣ መስመሬ አጥሮ ቢቆም ድንገት፣
ቤት መምታት አቅቶኝ፣ ቃል ጠፍቶኝ አይደለም፤
ደረጃ ላይ ነኝ።)

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ክትባት ሲያበቃ፣
ዜኖቢያ ነርሷ፣ የሳላችን ጠበቃ፣
የጤና ጣቢያውን አግዳሚ ደርድራ፣
"ኑ" አለች፣ "ከነሳላችሁ፣ በተርታ፣ በተራ።"
መርፌ አልነበረም የያዘችው፤ ሸምበቆ፣
ከረዥም እስካጭር በገመድ ተጣብቆ፣
አያቶች በመከር ሲነፉት የኖሩት፣
ልጆች ለጉድጓዱ ሲሉ የጣሉት።

ዜማ መች ነበረ የመጀመሪያው ማታ፤
ፉጨት፣ ደግሞ ፉጨት፣ ስድብ፣ ሳቅና አክታ።
እሷ ግን የሕፃናት ሚዛኑን እየመታች፣
"ንፉ እንጂ! የሞተ ሰው አልጠራሁም!" አለች።

ላላየ ልንገረው። ሲኩ ይሉታል ስሙን፤
አንድ ሰው አይችልም መንፋት ሙሉውን።
አንደኛው ድምፅ ለእኔ፣ ሁለተኛው ለአንተ፣
ሦስተኛው ለእኔ፣ አራተኛው ለአንተ፤
ብቻውን የነፋ እንደሆነ፣ ዜማው
ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ሳቅ ነው።
አንዱ እየነፋ ሌላው ይተነፍሳል፤
አየር በወረፋ እንደ ውሃ ይደርሳል።

እሷም (ተንኮሏን ኋላ ነው ያወቅነው)
እኔን ከኤውስታኪዮ ጋር ነው ያጣመረችው።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በአንድ ጋሪ ድንጋይ
ተኳርፈን፣ መንገድ ስንቀይር ስንተያይ፤
አሁን ጉልበት ለጉልበት፣ ሳል ለሳል ገጥመን፣
እኔ የሱን ማብቂያ፣ እሱ የኔን ጠበቅን።
ይቅርታ አልተባባልንም።
ለመባባል ማን ትርፍ ትንፋሽ አለው?

ከከተማ መጣ አንድ ሰው በከረቫት፣
ቅጹን ዘርግቶ በትሕትና ጠየቃት፦
"ስንት ሰው ዳነ?"
ዜኖቢያ ጻፈች፦ "የዳነ፣ ዜሮ።"
ከሥሩ ጨመረች፦ "የቀረም፣ ዜሮ።"
ሰውየው ወረቀቱን አገላበጠ፤
ለሁለተኛው መልስ ሣጥን አጣ።
ሄደ።

እርግጥ ነው፣ ሳሌ አሁንም ሌሊት ይቀሰቅሰኛል።
ግን ረቡዕ ማታ "ነገ ሐሙስ ነው" ብዬ እተኛለሁ።

በነሐሴ፣ ብርዱ ቧንቧውን ሲሰብር፣
ወረደ ኤውስታኪዮ፣ ዳግም ከምድር ሥር፤
መብራት አልያዘም በዚህኛው ዙር።

ሐሙስ ሄድኩ። ተቀመጥኩ። ግማሼን ነፋሁ።
አንደኛውን ድምፅ።
ሦስተኛውን።
በመሃል እንደ ልማዴ ተነፈስኩ፤
ማንም አልነፋልኝ።

ባሲሊያ ነበረች በሩ ላይ፣ ሚስቱ፣
ጥቁር ሻሏን በእጇ ጨብጣ።
"ቤት ሲለማመደው ሦስት ዓመት ሰማሁት፤
ቁርጥ ቁርጥ ሲል፣ 'ይህም ዜማ ሆኖ!' እያልኩ ተሣለቅሁበት።
ሌላው ግማሽ አንተ ዘንድ መሆኑን መች አወቅሁት?
ንፋው እስቲ" አለች።

ነፋሁ።
በየክፍተቱም፣ ከንፈሯን ሳትከፍት፣
የባሏን ድምፆች አንድ በአንድ ሞላችበት፤
ትንሽ ዘግይታ፣ አንዱንም ስታ።

እኔም በመሃሉ
አየር ወሰድኩ።