ደም መላሽ

ኅዳር ነው። ሌሊት ነው። በደብረ ብርሃን
መብራት ሄዷል፤ ስሟን እንግዲህ ማን ይመን።
ጄኔሬተሩ ሁለቴ አስሎ ተኛ።
በእጅ ባትሪ አያለሁ፣ የፍሪዘሩ ዘበኛ፤
ከዜሮ በታች ሠላሳ ነበረ፣
አሁን ሃያ ስድስት፤ ዐይኔ እያየ ብርዱ ተሰበረ።
ደጅ ያለው ውርጭ ባቄላ ያቃጥላል፣
ለዚህ ሣጥን ሲሆን እሱም ይሞቃል።
ብርድ ልብስ ሸምኖ አገር ያለበሰ
ከተማ፣ ዛሬ ማታ ብርድ አጣ፤ ብርድ አነሰ።

ውስጡ አርባ አንድ ከረጢት ቢጫ በረዶ አለ፤
ቀዩ ቀድሞት ሄዷል፣ ምጥና አደጋ ወዳለ።
ፕላዝማ ነው። አንድ ቀን ጥበቃው ጌታነህ
"ጠጅ ነው?" አለኝ። "ደም ከሆነ፣ ቅላቱን የት ጣልህ?"
አልፈረድሁበትም።
እኔም መጀመሪያ ሳየው አላመንሁም።

ሩቅ አገር፣ አሉ፣ ተማሪው ለቤት ኪራይ ብሎ
በሳምንት ሁለቴ ይቀዳል፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፤
ያንን አጣርተው በጠርሙስ ያሽጉና
ይልኩታል በዶላር፤ ወረፋ ላይ ነን ገና።
የእኛው፣ ማጣሪያ ስለሌለን፣ ዘመኑ ካለፈበት
ጓሮ ነው ማቃጠያው፤ እኔ ነኝ እሳት የምለኩስበት።

ከትናንት ወዲያ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ያን ሁሉ መንገድ
ይመኙሻል መጣች፤ ደሟ አልቆም አለ ከወሊድ።
አራት ከረጢት ቀይ፣ ሦስት ከረጢት ቢጫ፤
ነጋ። ለእሷም ነጋላት። መደርደሪያው ላይ ሰባት ባዶ መቀመጫ።
አማቷ ጋሽ አጥናፍሰገድ ኮሪደር ላይ ነበሩ፣ ጋቢ ለብሰው፤
"የወሰዳችሁትን ደም መልሱ" አልኋቸው፣ እንደምለው ለማንም ሰው።

ከወንበር ብድግ አሉ፦
"ደም መልስ ነው ያልኸኝ?
ወንድሜ ሲወድቅ ይህንኑ አገሩ ሁሉ አለኝ።
ምንሽሬን ሸጬ፣ ዕርቅ አውርጄ፣ ሠላሳ ዓመት የሸሸሁትን
ነጭ ለብሰህ አንተ ደግሞ ትለኛለህ ያንን?"

ማስረዳት ጀመርሁ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ ሳልጨርስ።
"ዕድሜ?" "ሰባ ሦስት።"
"አልፏል ጋሼ፤ እጅጌው ይመለስ።"

ልጆቻቸው ጋ ደወሉ። አንዱ "ጾም ነው" አለ፤
አንዱ "የእኔ ደም መራራ ነው" ብሎ እየሳቀ አታለለ፤
ሦስተኛው "ወስደው ይሸጡታል" ብሎ ዘጋ።
ብዙ ዝም አሉ።
ከዚያ ሌላ ቁጥር፣ ሌላ ሰው ጋ።

ቀትር ላይ አንድ ባጃጅ ከጠባሴ መጣ፤
ላቀው የሚሉት፣ ፊቱን የቋጠረ ወጣት ወጣ።
የእነዚያ ወገን ልጅ ነው። ስሙን ጽፌ ክንዱን ሳስር
አልተያዩም ሁለቱ፤
የሽማግሌው ጋቢ ግን የልጁ እግር ላይ ነበር።

ከረጢቱ ሞላ፤ ማሽኑ ዞረ፤ ቀይና ቢጫ ተለየ።
አርባ አንደኛው እሱ ነው፤
በረዶ ከሆነ አንድ ቀን እንኳ ያላየ።

አሁን ሃያ ሁለት።
ጌታነህ ከቤቱ ብርድ ልብስ ተሸክሞ ገባ፣
ሦስት፣ የፋብሪካችን፣ ጥለቱ ጽጌረዳ አበባ፤
እንደ አራስ ጠቀለልነው።
"ብርዱን እንዳይበርደው ነው?" ብሎ ጋቢውንም ጨመረ።
በሩን አልከፈትንም። የላቀው ከታች ነበረ።

ሃያ አንድ።
ውሻ ጮኸ። ምሰሶው ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለና ተሰወረ።