የታጠፈ ጨርቅ

አርባ ዓመት ጎበጥሁ ከሲንጀሬ ላይ፣
ጀርባዬ ቀስት ሆኖ፣ ዓይኔ መርፌ ሲያይ።
የሰውን ትከሻ በሜትር ስለካ
የኔው ትከሻ ነው የጠበበው ለካ።
ከገላዬ ሁሉ የቀኝ እግሬ ብቻ
አርባ ዓመት ተራመደ፣ ሳይደርስ ከዳርቻ።

ያን ዕለት፣ በጥቅምት፣ ከጨርቅ ተራ ስመጣ
ሦስት ደረጃ ብወጣ ትንፋሼ አብሮ ወጣ።
ደረቴን አንዳች ነገር በካውያ ተኮሰው፤
አስናቁ ጮኸችና ሰፈሩን ቀሰቀሰው።
በባጃጅ አጣጥፈው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ።
የበሩን ጽሑፍ አየሁ።
በግእዝ ወንዝ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን በዚያ ሌሊት
በአማርኛ አነበብሁት፦ ፈለገ ሕይወት።

ሲስተር ትሁን ክንዴን በጨርቅ ጠቅልላ
ነፋችው፣ ለቀቀችው፣ ዝም አለች ከዚያ ኋላ።
«የደም ሥርዎ ላስቲክ ደርቋል» አለች «አባ፣
ልብዎ ይታገላል ደም ጣትዎ እንዲገባ።
ኪኒኑን አይርሱ፣ ጨውንም ቀነስ፣
ጠዋት ጠዋት ደግሞ ዘርጋ፣ ዞር፣ መለስ፤
ይሩጡ አላልሁዎትም፤ እንደ እንቁላሉ፣ ቀስ።
ልብ ይበሉ» አለችኝ።

ልብ አልሁ።
ያገር ሰው ልክ ስይዝ አርባ ዓመት ሙሉ
ልብ ያላልሁት ልቤን ብቻ ነበር።

አሁን ጎሕ ሲቀድ ከቤቴ ወጥቼ
በዘንባባው ሥር አልፌ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ ረስቼ፣
እወርዳለሁ ጣና።
መጀመሪያ ቀን አፈርሁ። ዓሣ አስጋሪ ልጆች
ከደንገል ታንኳቸው አይተው ያየር ላይ እጆች፣
«ጋሼ፣ ማንን ነው የሚጠሩት? ጎርጎራ ሩቅ ነው፤
እጅዎ አይደርስም፣ ቢደርስም በጀልባ ነው!»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እጄን ግን አላወረድሁም።

በሳምንቱ ምንይችል መጣ፣ ጡረተኛ ሹፌር፣
ኋላውን የማያይ ከመስታወት በቀር።
በገዛ ስሙ ቀልዶ «ምን ይችል!» ብሎ ሳቀ፤
የእግር ጣቱን ሊነካ ሲል ጉልበቱ ላይ አለቀ።

እንግዲህ እንዲህ ነው የምናደርገው፦
እጅ ወደ ሰማይ፣ ጣቃ እንደሚፈታ ሰው።
ወገብ ወደ ጎን፣ ገበር እንደሚገለብጥ።
ተረከዝ መሬት ይዞ፣ ባት ቀስ ብሎ ሲሳብ፣
ትንፋሽ ሲገባ አራት፣ ሲወጣ ስድስት ስንቆጥር፣
አንዳንዴም ቁጥሩ ጠፍቶን ፔሊካን ስናይ።
«ግፋው እንጂ!» ይለኛል የሹፌር ነገር።
አይሆንም እለዋለሁ።
በጉልበት የሳቡት ጨርቅ ይተረተራል፤
በዝግታ የሳቡት ግን እሺ ይላል።
ታጥፎ የከረመ ደግሞ እጥፋቱን አይረሳም፤
አርጥበህ፣ ዘርግተህ፣ ነገም መመለስ ነው።

እዚያ ማዶ ሰዎች እንቦጭ ይነቅላሉ፤
የተኛ ውኃ ላይ ይበረታል ይላሉ።
ስለ ሐይቅ ምን አውቄ? የማውቀው ክር ነው፤
ግን ደሜን አሰብሁት፣ ዓባይ ሲወጣ ሳየው፦
ጣና ሳይጮህ፣ ሳይቸኩል፣ አንድ ቀን ሳያርፍ
ያን ሁሉ አገር በዚያች ቀጭን በር ሲያሳልፍ።

በሚያዝያ ሲስተር ትሁን ክንዴን ዳግም ለካች።
ቁጥሩ ወርዷል። ደግማ ለካች።
«ኪኒኑ ነው ወይስ ዝርጋታው?» አልኋት።
«ልብሱ ከተሰፋ» አለች፣ «መርፌውን ከክሩ ማን ይለያል?»
ከሰፊ ተምራ ይሆን? አልጠየቅኋትም።
ደረጃውን ወረድሁ፤ አንድ ነገር ትዝ ቢለኝ
ተመልሼ ወጣሁት። ትንፋሼ ከኔው ጋር ነበር።

ማታ አስናቁ ሜትሩን ከአንገቴ አውርዳ
ትከሻዬን ለካችው፣ በጀርባዬ ዙራ።
ሁለት ሳንቲም ጨምሯል። «ኮትህ ሊጠብህ ነው» አለች።

ይጥበበኝ።
አርባ ዓመት ለሰው ሰፋሁ።
ዘንድሮ ለራሴ ሰፋሁ።