ሦስተኛ ፈረቃ

ጠባሴ፣ ከነዳጅ ማደያው ፊት ለፊት፣
ሦስት በሁለት በሆነች የቆርቆሮ ቤት
ዘፈን እጭናለሁ። በፍላሽ፣ በሚሞሪ፣
ለደሴ ሹፌር፣ ለባጃጅ ዘዋሪ።
መቶ ዘፈን በሠላሳ ብር። ማን እንደዘፈነው
የጠየቀኝ የለም፤ ሰው የሚፈልገው
መንገድ የሚያሳጥር ነው።

በኅዳር፣ አመዳይ ሣሩን ባነጣበት ጧት
ጋሽ ጥላዬ መጣ፣ ብርዱ አጎንብሶት።
የተከናነበው የፋብሪካውን ብርድ ልብስ ነው፤
ጡረታ ሲወጣ የሸለሙት፣ ዳሩ ቀይ መሥመር ያለው።
ከክብሪት ቀፎ ውስጥ ፍላሽ አወጣና
«አሥራ አንድ ናቸው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣
እንቁላል እንደሚሸጥ ሰው።
«ስንተኛ አልበምህ ነው?»
«የመጀመሪያ።»
«ዕድሜህስ?»
«ለመስቀል ስልሳ ሦስት ደፈንኩ።»
ሳቅኩ። እግዜር ይይልኝ፣ ሳቅኩ።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሽመና ክፍል ቆሟል።
ግራ ጆሮው ከማሽን ጩኸት ተጣልቶ ዘግቷል፤
የግራ ትንሿን ጣት በሰባ ዘጠኝ ማሽኑ በልቶበታል።
ጊታሩን እንደገና፣ ከሀ ብሎ ጀመረ፣
በቀሩት ጣቶቹ ተማረ።
ሦስተኛ ፈረቃ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ክር ሲበጠስ ማሽኑ ቀጥ ይላል። በዚያች ቅጽበት፣
ክሩ እስኪቋጠር ባለችው ዝምታ
አንድ ስንኝ ይሠራል፤ ሌላውን ለሌላ ማታ።
ለዚህ ይሆን እንዴ ዘፈኖቹ ማጠራቸው?
እንደተበጠሰ ክር ድንገት ማለቃቸው?

የቀረጸው የወንድሙ ልጅ፣ ከእህል መጋዘን ጀርባ፣
ግድግዳውን ብርድ ልብስ አልብሶ፣ ነፋስ እንዳይገባ።
ሰባተኛው ላይ ግን ሳል ሰማሁ። «ማናት?» አልኩት።
«ይርገዱ ናት። ልጁ ላውጣው ቢለኝ እምቢ አልኩት።
አርባ ዓመት ሙሉ ስዘፍን እሷ ስትስል ነበር፤
ያለ እሷ ሳል ቢወጣ፣ ማን እኔ ነኝ ብሎ ያምነኝ ነበር?»

አራተኛው ርእሱ «ጫጫ ላይ ወረድኩ» ይላል።
በጎረምሳነቱ አንድ ባንድ ከአዲስ አበባ ጠርቶታል፤
ጊታሩን በጋቢ ጠቅልሎ አውቶብስ ተሳፈረ፣
ጫጫ ሲደርስ ወረደ። በእግሩ ወደ ኋላ ዞረ።
ማታ ፈረቃው ላይ ነበር።
ለምን ስለው፣ አንዴ «ብርድ ነበር» አለኝ፣
አንዴ «እናቴ ታማ»፣ አንዴ ምንም ሳይለኝ
የብርድ ልብሱን ቀይ መሥመር በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር።
ዘፈኑም ምክንያቱን አይነግርህም፤ መውረዱን ብቻ፣
የአውቶብሱን ጭስ፣ የጫማውን ኮቴ ብቻ።

«ታዲያ ዛሬ ምን ትዝ አለህ?»
«አዲስ ብርድ ልብስ ለብሰህ ታውቃለህ?
ይኮሰኩሳል፤ ፀጉሩ ይረግፋል፣ አፍህ ውስጥ ይገባል።
ሲታጠብ፣ ሲሰጣ፣ ልጅ ሲሸናበት ከርሞ ነው
ሰው የሚያሞቀው።
ድምፅም እንደዚያው ነው።»
ዝም አልኩ። ቃሉ ደስ አለኝ።
ወዲያው ግን አፈረና፣ «ውሸቴን ነው» አለኝ፣
«ገንዘብ አልነበረኝም።»

የደሴው ሹፌር አበጋዝ «አዲስ ነገር ጫንልኝ» ሲል
ከሚጨፈረው፣ ከሚዘለለው መሐል
ሳልነግረው አሥራ አንዱን ቀላቀልኩበት።
በሳምንቱ ተመለሰ። «ያ ሳል ያለበት
ዘፈን የማነው? ጣርማበር ላይ ጉም ውጦን፣
ፊት ለፊት አንድ ክንድ እንኳ ሳይታየን፣
ዳር ይዘን ቆመን፣ ረዳቴ ሳሉን ሰምቶ
ዞረ፣ ከኋላ ሰው ያለ መስሎት፣ ደንግጦ።
ከዚያ ማንም ሳይናገር፣ ጉሙ እስኪገፍ ድረስ
እሱኑ ሰማን፣ ስንመላልስ።
ሌላ የለውም?»
«የለውም። ገና መጀመሩ ነው።»
«ጎበዝ ነው! ስንት ዓመቱ ነው ልጁ?»

ቅዳሜ ጋሽ ጥላዬ መጣ፣ ለሰላምታ ብሎ።
ቆየና፣ ወደ መንገዱ ዞሮ፣ «ስንት ሰው ወሰደው?» አለ፣ ቶሎ።
«አሥራ አንድ።»
«ዘፈኑን አይደለም፣ ሰዉን!»
«ሰዉም አሥራ አንድ።»
«ስም ጥራ።»
አበጋዝ፣ ረዳቱ፣ የማደያው ዘበኛ፣
ጎማ ለጣፊው፣ የምኒ ነዋሪው ግመኛ፣
እያልኩ ስጠራለት፣ እሱ ጣቱን እያጠፈ
ዘጠኝ ላይ አለቀበት። ትንሽ አሰበ።
የእኔን እጅ ወደ ራሱ ሳብ አደረገና፣
ሁለት ጣት ተበደረ።