ነፋስ ጠጋኝ

ሰባት ቬንትሌተር በማዳበሪያ ከረጢት፣
አንድ ጥቅል ሽቦ፣ አንድ መበየጃ፤
አዋላጇ ሂንዲያ ተዛውራ፣ እኔ እሷን ተከትዬ፣
ከድሬ ባሕር ዳር ገባን፣ በሰኔ ማገባደጃ።

አከራያችን እትዬ የሻረግ "ሥራህ ምንድን ነው?" ሲሉኝ
"ነፋስ እጠግናለሁ" አልኳቸው።
ወደ ሐይቁ ዞረው አዩ፤ ደመናው ከዘጌ በኩል ይጎተታል፤
"እሱስ እዚህ አልተበላሸም" አሉኝ፣ ሳቅ አፈናቸው።

ሐምሌ ገባ።
ፀሐይ እንደ ቢሮ ኃላፊ ደጅ አስጠናችኝ፤
"ስብሰባ ላይ ናት" አለኝ ደመናው፣ "ነገ ተመለስ" አለኝ።
ነገም ያው።
ከቀኑ ስምንት ሰዓት አምፖል አበራለሁ፤ አምፖሉም ይጠፋል።
ጫማዬ አልጋ ሥር አረንጓዴ ጢም አብቅሏል፤
ከሠርጋችን ፎቶ ላይ የኔ ፊት ሻግቶ የእሷ ተርፏል።
ገመድ ላይ የተሰጣ ቀሚሷ በሳምንቱም አልደርቅ አለ፣
ራሰ ውሻ ራሰ ውሻ ሸተተ፤
ያኔ አፌ አምልጦኝ "አቦ፣ ይኼም አገር ነው?" አለ።

ሂንዲያ አልመለሰችልኝም። የማታ ተረኛ ነበረች፤
ቦቲዋን አጥልቃ፣ ጭቃውን እየረገጠች ሄደች።

ሌሊቱ ነው ክፉው።
ቆርቆሮው ሲንጫጫ ብድግ እላለሁ ካልጋዬ፣
በሩን በርግጄ አዳምጣለሁ፣ ብርድ ልብስ ጣል አድርጌ በላዬ።
ደቻቱን ነው የማዳምጠው።
ወንዝ ይሉታል እንጂ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤
ኳስ የተራገጥንበት፣ ግመል ያለፈበት ሜዳ ነው።
ሰማዩ ጠርቶ፣ ኮከቡ ሞልቶ ሳለ፣
ዝናቡ ሩቅ ተራራ ላይ፣ እኛን ሳያማክር ዘንቦ፣
ውኃው በእኩለ ሌሊት ይመጣል፣ ግንብ ጥሶ፣ በር ገንጥሎ፤
አጎቴን ረመዳንን ወሰደው፣ ከነፍራሹ ጠቅልሎ።
እዚህ ግን ውኃ በየቀኑ ይመጣል፣
እንደ ጎረቤት፣ አንኳኩቶ፣ ስሙን ተናግሮ፤
ጆሮዬ ነው ያላመነው።

ጠዋት ሂንዲያን ልቀበል ወጥቼ፣ ሐይቁ ዳር፣
ገሳ የለበሱ ሽማግሌ አየሁ፣ ዝናቡ የማያስቸኩላቸው፤
የደንገል ታንኳቸውን ጎትተው ግንድ ላይ አስደግፈው አቆሙ።
"ደንገል ውኃ ሲጠግብ ይከብዳል" አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው፤
"ታቆመዋለህ እንጂ አትሰድበውም።"
"በዚህ ዝናብ ይደርቃል ታዲያ?"
"አይደርቅም" አሉ። "ይንጠፈጠፋል።"

ቤት ስገባ አንዱን ቬንትሌተር ካልጋ ሥር አወጣሁት፤
ክንፉን ወልውዬ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ ሰካሁት፤
ወደ ገመዱ አዙሬ ቀሚሷ ላይ ለቀቅሁት።
ድምፁን ሰምተው እትዬ የሻረግ ብቅ አሉ፣
የልጅ ልጃቸውን ሽንት ጨርቅ በባልዲ ታቅፈው፤
ምንም ሳይናገሩ ከቀሚሷ ጎን አሰጡት።
ማክሰኞ የባጃጅ ነጂው የአንለይ ጃኬት መጣ፤
ሐሙስ የዘበኛው ካፖርት፣ ከነውኃው ግማሽ ኩንታል፤
ከዚያ የሰፈሩ ካልሲ፣ ነጠላ፣ ትራስ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ባርኔጣ።
ሰባቱም ዞሩ።
አንዲት ክፍል ውስጥ ድሬ ነፈሰች፣
ሳሙና ሳሙና እየሸተተች።
መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይቆማል፤
ባለካፖርቱ በጨለማ ውስጥ "ግድ የለም" ይላል፣ "ይንጠፈጠፋል።"
ለካ ቃሉ የሽማግሌው ብቻ አይደለም።

"ቡሄ ካለ የለም ክረምት" ብለውኝ ነበር፤
ጣቴን እየቆጠርኩ ጠበቅሁ።
በቡሄ ማታ ሰማዩ ተቀደደ፤ ችቦው ጠፋ፤
ልጆቹ ጅራፋቸውን ይዘው እኛ በረንዳ ተሸጎጡ፣
አንዱ እርጥብ ጅራፉን ቬንትሌተሩ ፊት ዘረጋ።

ትናንት ሌሊት ብንን አልኩ።
ድቅድቅ ጨለማ። ሩቅ፣ ከደንገሉ ውስጥ፣ ጉማሬ ያጉረመርማል።
ሂንዲያ ዓይኗን ሳትገልጥ ዞረች፤
"ዘነበ እንዴ?"
"አይ፣ አቆመ።"
"ታዲያ ምን ቀሰቀሰህ?"