የሌሊት ተረኛ

በከዚራ ጥላ ሥር፣ ባረጋውያኑ ቤት፣
አንሶላ እንኳ ያልበዋል፣ በግንቦት ሌሊት።
ካልጋዬ ግርጌ ስስ ምንጣፍ አነጠፉ፣ ጥቁር ጎማ፣
እግሬ ገና ሲነካው፣ ከኢፍቱ ጠረጴዛ ደወል የሚያሰማ።
«እንዳይወድቁ ነው አባባ» ብትለኝም አልወደድኩት፣
ስም ለማውጣት አልዘገየሁም፤ «አሳባቂው» አልኩት።

እኔ ወልደየስ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሐዲድ የቀየርኩ፣
የደወሌን ባቡር ገና ሳይታይ፣ በጫማዬ ሥር ያወቅኩ፣
ዛሬ ሽንት ቤት ልሂድ ብል፣
እንደ ዕቃ ባቡር ይለፈፍብኛል።

ማክሰኞ ሌሊት መብራት ሄደ። ቬንትሌተሩ ቃትቶ ቆመ፤
የአሳባቂው አረንጓዴ ዓይን ጭል ጭል ብሎ ከሰመ።
ጨለማ። ሙቀት።
ከዚያ፣ በወለሉ በኩል፣ እስከ አልጋዬ ብረት
አንድ ቀጭን ንዝረት፦
አው አብዱሽ ነው፤ አምና ዳሌው የተሰበረበት፣
ተነሥቷል፤ ግድግዳ ይዳስሳል፣ ግድግዳ በሌለበት።

ከትራሴ ሥር የጣቢያ ፊሽካዬን አወጣሁ፣
በቀረችኝ ትንፋሽ፣ ቀይ መብራት ነፋሁ።
ረጅም ፊሽካ «ቁም» ማለት ነው፤
ልብስ ሰፊም ቢሆን የድሬ ልጅ ነው፤
ቆመ።
ኢፍቱ በስልኳ ብርሃን ሮጣ መጥታ፣ ብብቱን ያዘችው።

ሲነጋጋ መብራት መጣ። አሳባቂው ጢጥ አለ፤ ዓይኑን ገለጠ፣
ሌሊቱን ሙሉ እንደነቃ ሁሉ አፈጠጠ።
«ሁለት ሰዓት ተኩል ዘግይተሃል» አልኩት፤
ደሞዙን ግን አልቆረጥኩበት፤
እግሬን በቀስታ አውርጄ፣ በፈቃዴ ረገጥኩት።