መረብ ጠጋኟ

አክስቴን ኤዱቪናን፣ በቺሎዌ ደሴት፣
ዝናብ በማያባራው፣ በቆርቆሮ ጣራ ቤት፣
ስልክ ሰጠኋትና «ዓለም ይይሽ» አልኳት፤
ከሳንቲያጎ ያመጣሁትን ጥበብ አንድ ባንድ ነገርኳት፦
«በሦስት ሰከንድ ውስጥ ዓይን ካልያዝሽ አለቀ፣
የሰው ጣት ፈጣን ነው፣ አንሸራቶ ራቀ።
ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ልቀቂ፣ ሳታጓድዪ፣
ፈገግ በዪ ደግሞ፤ ካሜራውን እዪ።»

እሷ ግን አቀርቅራ እጇን ነው የምታይ፤
የባሕር አንበሳ የቦጨቀው መረብ ተዘርግቶ ጉልበቷ ላይ፣
በእንጨት መርፌ ትሰፋለች፣ ዝም ብላ፣
አንዳንዴ ትስቃለች ቋጠሮው ሲላላ።

ተከታይ፦ አሥራ አንድ።
አፈርኩላት እኔ። እሷ ግን፣ እንደ ዘመድ፣
ስማቸውን ጻፈች ከዱቄት ከረጢት ጀርባ፣
ማን እግሩን እንዳመመው፣ የማን ልጅ እንዳገባ።
ለ«ቆንጆ ነው» ብቻ እንኳ መልስ ትጽፋለች፣
በአንድ ጣት ፊደል ስትለቅም ታመሻለች።
«ምን ያደርግልሻል?» ብዬ ስቆጣ፣
«የጠራኝ ሰው» አለች፣ «ደጄ ድረስ መጣ።
አቤት ሳልል ልለፍ?»

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን፣ የውሻዋ ጥፋት፣
ቪዲዮው መሐል ገብቶ መርፌዋን ዘረፋት፤
እሷ በአንድ ቦቲ በጭቃው ስትሮጥ፣
አርባ ሺህ ሰው ጎረፈ፣ ቀኑ ሳይለወጥ።
ዘልዬ አቀፍኳት። «ድገሚው ውሻውን!»
«ውሻው ተቀጣሪ አይደለም» አለችና ያዘች ሥራዋን።

በሳምንቱ አርባ ሺው እንደ መጣ ሄደ፣
እንደ ሰርዲን መንጋ፣ አንድ ላይ ታጥፎ፣ ወደ ሌላ ውኃ ወረደ።

በዚያው ሰሞን ነበር ዶን ቴኦፊሎ የጠፋ፣
የፑንታ አሬናሱ ጡረተኛ መርከበኛ፣
በየምሽቱ «እጅሽ ይባረክ» ብሎ፣ ሁሌም አንድ ፊደል የሚያጠፋ።
ሦስት ቀን ዝም አለ።
አክስቴ መርፌዋን ሰቅላ
ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራውን አየች፤
«ቴኦፊሎ» አለች፣ «ደኅና ነህ?»
ሌላ ቃል አልጨመረች።

አሥሩ አልተኙም። አንዷ የጎረቤቱን ልጅ ታውቅ ነበር፣
አንዱ ሆስፒታል ለሆስፒታል ሲደውል አደረ።
ከደረጃ ወድቆ ነው። ዳሌው ተሰበረ።
ግን አለ።

እኔ ስለ መረብ ተምሬያለሁ፣ ዲግሪም አለኝ፤
አክስቴ የዓሣዋን መረብ ወደ መስኮቱ አንሥታ ጠየቀችኝ፦
«እስቲ ቁጠሪልኝ፣ ስንት ነው ቀዳዳው?»
«አይቆጠርም» አልኳት።
«ታዲያ ዓሣ የሚይዘው
ቀዳዳው መሰለሽ?»

ሳልመልስ ስልኩ ጮኸ። ቴኦፊሎ ነው፣ ካልጋው፦
«እጅሽ ይባረ» ይላል፤ የመጨረሻዋን ፊደል ዋጣት።
«ተሳስቷል» ልል ስል
እጄን መታችኝ፣ በመርፌዋ እንጨት።